የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን ስይዝ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ስሌቱ ግልጽ ነበር። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ሁለት ባለሙያ። አንዷ ጤና ኬላ ስትውል ሌላዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። ባልደረባዬ ለደረጃ 4 ትምህርት ስትሄድ ግን እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ምትክ ይላካል ተባለ። ክረምቱ አልፎ የወባ ወቅት ሲገባም የመጣ ሰው አልነበረም።

ሁሉንም ቤት ማዳረስ እንደማልችል ግልጽ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት ወደ እኔ መምጣት የማይችለው ማን ነው ብዬ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ኬላ ይመጣል። የወሊድ መከላከያ የምትፈልግ ሴት በገበያ ቀን ጎራ ትላለች። አራስ ግን በእኛ አካባቢ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አትወጣም፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነው። ጨቅላ ላይ ደግሞ አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጎጥ በተራ መዞሩን ተውኩት። ከፋሚሊ ፎልደሩ፣ ማለትም የየቤተሰቡ የጤና መረጃ ከሚያዝበት ማህደር፣ የነፍሰ ጡሮቹን ስም በመውለጃ ወራቸው እያደረግኩ በአንድ ደብተር ገለበጥኩ።

አንድ ቀን ከደብተሩ አይቼ አራስ ቤት ገባሁ። አያትየዋ "ደህና ነው ልጄ፣ እንቅልፋም ነው" አሉኝ። ሕፃኑን ተቀብዬ ገለጥ አደረግኩት። እግሩ ቀዝቅዟል። ጡት ስናስጠጋለት አፉን አይከፍትም። "እማማ፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ" አልኳቸው። እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስጠግተን፣ በጋቢ ጠቅልለን ወሰድነው። ዳነ። በተራ ብዞር ኖሮ ያ ጎጥ የሚደርሰው ገና በሚቀጥለው ወር ነበር።

ክትባቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ልጆቹ በአንድ ቀን ቢሰበሰቡ ለክትባቱም ለእኔም ይበጃል። ቀኑን የቆረጥኩት ከእናቶቹ ጋር ተነጋግሬ ነው። እርሻ በማይሠራበት በበዓል ቀን አደረግነው፤ ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ ያስነግሩልኝ ነበር። የ45 ቀኑ ክትባት ላይ ግን ሴቶቹ ሕፃናት ይዘገዩ ነበር፤ ክርስትናቸው ገና ነዋ። ለእነሱ ካሪየሩን፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኑን፣ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ።

በየሰፈሩ በፈቃደኝነት የጤና ሥራ የሚያግዙትን የልማት ቡድን ሴቶች የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንደወለደች በዕለቱ ላኩብኝ አልኳቸው። ብዙ ሰው ሥራውን ለእነሱ አካፍይው ይለኝ ነበር። አልተስማማሁም። ደመወዝ የላቸውም፣ የራሳቸው ቤትና እርሻ አለባቸው። የመንግሥትን የሰው ኃይል ክፍተት በእነሱ ጉልበት መድፈን ተገቢ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሪፖርቱ ነው። የሠራሁትን ከሞላሁ በኋላ ያልሠራሁትንም ከሥሩ እጽፍ ነበር፤ "በባለሙያ እጥረት ያልተጎበኙ ቤቶች" ብዬ፣ በየጎጡ፣ ከነቁጥራቸው። የመጸዳጃ ቤት ክትትሉ እንዳለ ቆሞ ነበር፤ እሱንም ጻፍኩት። ሱፐርቫይዘሬ "ይሄ ምን ይሠራል? አፈጻጸማችንን ያወርደዋል" አለኝ። "ካልጻፍኩት አንድ ሰው ይበቃል ማለት ነው" አልኩት። ወረቀቱን ወሰደው። ጤና ጣቢያውም ቆይቶ ለክትባት ቀን አንዲት ነርስ መላክ ጀመረ። እሷ ስትከትብ እኔ አራሶቹ ጋ እደርስ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው አስተዳዳሪ ለመዋጮ ቅስቀሳ ሲጠራኝ ደብተሩን አሳየሁት። "የትኛዋን ልተው?" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከጤና ውጭ ለሆነ ሥራ አልጠራኝም።

ምትኳ በመጨረሻ መጣች። መጀመሪያ ያስረከብኳት የነፍሰ ጡሮቹን ደብተር ነው። ከዚያ የድሮ ሪፖርቶቹን አውጥተን ያልተጎበኙትን ቤቶች በየጎጡ ተከፋፈልንና በማግስቱ መዞር ጀመርን።