የሐረጎን ዳገት በራሴ የኤሌክትሪክ ብስክሌት

የምኖረው ደሴ ሲሆን የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ከሥራ ስንወጣ ሚኒባስ ለመያዝ ያለው ግፊያ ስላሰለቸኝ፣ ቤት የተቀመጠውን አሮጌ ባለ ማርሽ ብስክሌት በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲታገዝ አድርጌ ለመሥራት ወሰንሁ። ሥራው አንድ ጊዜ ከነአካቴው ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል፤ ያፈረሰውም የብየዳ ወይም የገመድ ስሕተት ሳይሆን የሒሳብ ስሕተት ነበር።

የተነሣሁት ለሜዳ መንገድ የሚሆን ሒሳብ ይዤ ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን እየመታ ካገዘው፣ እንዲህ ያለ ብስክሌት በደልዳላ መንገድ ላይ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ጉልበት የሚለካበት ነው) ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ ማለትም ሁለቱ ሲባዙ 360 ዋት-ሰዓት፣ አድርሶኝ የሚተርፍ መሰለኝ። ደሴ ግን ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እኔ፣ ብስክሌቱና ቦርሳዬ አንድ ላይ 110 ኪሎ ግራም እንመዝናለን፤ ይህን ክብደት 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ፣ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ሳይቆጠር፣ 180 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል።

ባትሪው ከማለቁ በፊት ግን አስቀድሞ ያልቻለው ሞተሩ ነው። መጀመሪያ የገጠምሁት ባለ 250 ዋት ሞተር የኋላ ጎማው መሃል ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ስለሆነ፣ የብስክሌቱ ማርሽ ለእርሱ ምንም አይፈይድለትም፤ ጎማው ሲዘገይ እርሱም አብሮ ይዘገያል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሠራበት ፍጥነት እጅግ በታች ሆኖ ሲጎትት ደግሞ፣ ከባትሪው ከሚወስደው ኃይል ብዙው ጎማ ማዞሩን ትቶ ሙቀት ይሆናል። በመጀመሪያው ማታ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት እኩሌታው ላይ ስደርስ ሞተሩ በእጅ አይነካም፣ የተቃጠለ ቫርኒሽም ይሸት ነበር። አንድ የአይሱዙ ሾፌር «አብሽር፣ ና ጫነው» ብሎኝ ከጆንያ ጋር ተጭኜ ደሴ ገባሁ።

ሁለተኛው ሞተር ባለ 500 ዋት ሲሆን የሚገጠመው ፔዳሉ በሚዞርበት ቦታ ነው። ኃይሉ በሰንሰለቱ በኩል ስለሚያልፍ ዳገቱ ሲከብድ እንደ መኪና ማርሽ መቀነስ ይቻላል፤ እግሬም ሞተሩም በሚመቻቸው ፍጥነት ይዞራሉ። ዕዳው ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ኃይል ሳይቀነስ ማርሽ ከተቀየረ ይበጠሳል፤ እኔም ይህን የተማርሁት በጥሼ ነው።

ባትሪውን የሠራሁት ከአሮጌ ላፕቶፖች ባትሪ ውስጥ በወጡ ሴሎች፣ ማለትም በትንንሽ ባትሪዎች ነው። እያንዳንዱን ሴል እስከ 4.2 ቮልት ሞልቼ፣ ሁለት ሳምንት አስቀምጬ በቴስተር ስለካው ቮልቱ የወረደውን ጣልሁ፤ ከቀሩትም 2 አምፒር-ሰዓት መያዝ ያቃተውን አስወገድሁ። በመጨረሻ 65 ሴሎችን፣ አምስት አምስቱን ጎን ለጎን፣ 13ቱን ቡድን በተከታታይ አገናኘሁ፤ ይህም 48 ቮልትና 10 አምፒር-ሰዓት ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ሴሎች በስታኞ መበየዴ ግን ጥፋት ነበር፤ የረጅም ጊዜ ሙቀት ሴሉን ከውስጥ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በቅጽበታዊ ነጥብ ብየዳ በሚያያዝ ስስ የኒኬል ቅጠል ተካሁት። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለርም በዳገት እስከ 18 አምፒር ይስብ ስለነበር ለአንድ ሴል 3.6 አምፒር ይደርሳል፤ ለላፕቶፕ ሴል ይህ ብዙ ነው። ቮልቱ በድንገት እየወረደ ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው መከላከያ ሰሌዳ ኃይሉን ያቋርጥብኝ ነበር። ወደ 12 አምፒር ከገደብሁት ወዲህ አላቋረጠም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው፤ እኔ ግን ሥራውን ዛሬ ብጀምር ኖሮ ገንዘቤን አስቀድሜ የማወጣው ለፍሬን ነበር። ሽቅብ ስወጣ የሚያስፈልገው 180 ዋት-ሰዓት ጠዋት ቁልቁል ስወርድ ሌላ መውጫ የለውም፤ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ከወሰዱት የተረፈው ሁሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። የቀድሞው ፍሬን ጎማ የተገጠመበትን ቀለበት የሚይዝ ስለነበር፣ አንድ ቀን ቀለበቱ ግሎ የውስጥ ጎማው ኩርባ ላይ ፈነዳ፤ ከአስፋልቱ ወጥቼ በደረቴ ተደፋሁ። አሁን ፊትም ኋላም የዲስክ ፍሬን አለኝ፤ ይዞ ከመቆየት ይልቅ ጠንከር አድርጌ ይዤ እለቃለሁ። «ቁልቁለቱ ባትሪውን አይሞላልህም ወይ?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ጎማው ወደ ፊት ሲንከባለል ሰንሰለቱን ስለማይጎትት የእኔ ሞተር ይህን ማድረግ አይችልም።

ስወርድ ሞተሩን ስለማላበራው ሌሊት ደሴ የሞላሁት ባትሪ እስከ ማታ ሙሉ ሆኖ ይቆየኛል፤ መብራት ከጠፋ ቻርጀሩን ይዤ ፋብሪካው ውስጥ እሰካዋለሁ። መመለሻው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ቤት ስደርስም ከባትሪው አንድ ሦስተኛ ያህል ይተርፋል። በክረምት ጉም ሐረጎን በሸፈነበት ቀን ግን፣ ከጀርባዬ የሚመጣው የጭነት መኪና ስለማያየኝ፣ ብስክሌቱን ቤት ትቼ ሚኒባስ እጋፋለሁ።