ሲሄዱ አስር፣ ሲመጡ አስራ ሁለት

ጉባኤ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ያን ጊዜ ተረኛዋ ከተማ ቶኪዮ ነበረች፤ ወሩ ጃንዋሪ። ዋናው ተናጋሪ የሚመጡት ከሎስ አንጀለስ ነው። እሳቸውን ተቀብሎ መድረክ ድረስ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር። (ሰዓቱን ሁሉ ትኬት ላይ እንደሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ሰኞ 12፡00 ላይ እንደሚነሱ ነገሩኝ። ወዲያው ሂሳብ ውስጥ ገባሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 8,800 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ ለ900 አካፈልኩት፤ አስር ሰዓት አይሞላም። አንድ ባልደረባዬም ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ በአስር ሰዓት በረራ ገብቻለሁ ብሎኛል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ! ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን የምትቀድምበትን የ17 ሰዓት ልዩነት ደመርኩና ማክሰኞ 15፡00 አልኩ። ንግግሩን 18፡00 ላይ አስገባሁት። ሦስት ሰዓት ትርፍ በመተዌ ኮርቻለሁ።

ትኬታቸውንም በኢሜይል ልከውልኝ ነበር። የበረራ ቁጥሩን ገልብጬ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ስማቸውን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ተገተርኩ። ሰሌዳው ላይ በረራቸው 17፡00 ይላል። “ለምን ዘገየ?” ብዬ የመረጃ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። “አልዘገየም፤ በሰዓቱ ነው” አለችኝ። ያኔ ላብ አጠመቀኝ። ትኬቱን ከፈትኩት። 17፡00።

ፓስፖርት አለ፣ ሻንጣ አለ። ናሪታ ደግሞ ከመሃል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቢፈጥን ቢፈጥን 19፡30። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። “ትኬቱን አይተኸው ነበር?” ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በእሳቸው ቦታ የማግስቱን ውይይት አስገባች።

ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ነው፤ ለመንደርደሩ፣ ለመውጣቱና ለመውረዱ ምንም አልያዝኩም። ዋናው ግን ነፋሱ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባልደረባዬን ከኋላ የገፋው እሱ ነው። እንግዳዬን ደግሞ ከፊት ገጠማቸው። ለካ ማስረጃ ያልኩት የተገላቢጦሽ ጉዞ ኖሯል! የሚገርመው፣ ይህን ነፋስ እዚያው ጃፓን ውስጥ ኦኢሺ ዋሳቡሮ የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ለክቶት ነበር። ጥናቱን ግን ኤስፔራንቶ በተባለ፣ ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁት ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስላሳተመው ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

እንግዳው አልተቆጡም። ሐሙስ 17፡00 በሚነሳው በረራ ሸኘኋቸው። ሌሊት ስልኬ ጮኸ። “ደርሻለሁ። እዚህ ገና ሐሙስ 10፡00 ነው፤ ስለዚህ እስካሁን አልሸኘኸኝም።”