ቁልፉ እኔ ጋ ነበር

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ባለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ስልክ እሸጣለሁ፤ እጠግናለሁም። ሰሞኑን የገጠመኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ነው።

ጠዋት ነው። ብርዱ ገና አልለቀቀም። አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። ከአንኮበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጡት። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ስልኩን አወጡ። አብሮት አራት ቦታ የታጠፈ ደረሰኝ አለ። የሱቃችን ደረሰኝ ነው፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ዘጋብኝ። ልጅቷን ካየኋት አስር ቀን ሆነኝ» አሉኝ። ልጃቸው ቤይሩት ነው የምትሠራው። የሚተያዩት በኢሞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን የሚከፍቱበት ፓተርን ጠፋባቸው። አንድ የሰፈር ልጅ ፎርማት አደረገላቸው። ስልኩ ሲነሳ ግን ቀድሞ የነበረው ጂሜይል ካልገባ አልከፈትም አለ። እኛ «ጂሜይል ሎክ» የምንለው ነው።

«ጂሜይልዎን ያውቁታል እማማ?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከየት ያውቁታል? ከሁለት ዓመት በፊት ስልኩን ሲገዙ ጂሜይሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ፣ ሰው ሲበዛ እንዲያ ነበር የምናደርገው። የይለፍ ቃሉን እኛው እንፈጥራለን፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ሁሉ እኛው እንጫናለን፣ ስልኩን አዘጋጅተን እንሰጣለን። ለደንበኛው ያቀለልንለት ይመስለን ነበር።

ይሄ ቁልፍ የመጣው ከሩቅ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የስልክ ዝርፊያ ቢያስቸግራት ሕግ አወጣች። ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ተመርቶ እዚያ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ቢሰረቅ ባለቤቱ ሊዘጋው መቻል አለበት፤ መዝጊያውም ፎርማት ቢደረግ እንኳ መጥፋት የለበትም አለች። በዚያው በ2015 በወጣው አንድሮይድ 5.1 የስልክ ሶፍትዌር ላይ የጂሜይል ቁልፉ ገባ። የሳን ፍራንሲስኮን ሌባ ያሰበ ነገር እንዲህ እንዲህ እያለ አንኮበር ደረሰ።

ቁልፉን አልጠላውም። ከየት እንዳመጣው የማይናገር ሰው ስልክ ይዞ «ክፈትልኝ» ሲለኝ፣ ቁልፉ የአንድን ምስኪን ንብረት እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሕጉን ያወጡትም ቁልፉን የሠሩትም ሰዎች አካውንቱን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው ብለው ነው የተነሱት። እኛ ጋ የሚከፍተው ሻጩ ነው። ስለዚህ ስልኩ እማማን ከሌባ መለየት አልቻለም።

ደብተሬን አገላበጥኩ። ጂሜይሉ ተጽፏል፤ የይለፍ ቃሉ ግን አልሠራም። «ረሳሁት» የሚለውን ተጫንኩ። ኮዱ ወዲያው መጣ። የመጣው የእኔ ስልክ ላይ ነው። ያኔ የእሳቸው ሲም ገና ስላልወጣ የራሴን ቁጥር አስገብቼ ኖሯል።

አካውንቱ ኮምፒውተሬ ላይ ተከፈተ። ፎቶዎቹ ተደርድረው መጡ። ልጃቸው የሰው ቤት በረንዳ ላይ ቆማ። የሐኪም ወረቀት፣ በደንብ እንዲነበብ ከቅርብ የተነሳ። ቶሎ ዘጋሁት። እማማ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ምን እንዳየሁ አያውቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤታቸው ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሳቸው በር መኖሩንም አያውቁም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አለን። ፈቃድ ማለት ባለመረጃው ራሱ አውቆና ወዶ የሚሰጠው ነው። እኔ በስንት ሰው ስም «እስማማለሁ» ብያለሁ?

የይለፍ ቃል ሲቀየር ስልኩ አዲሱን እስኪቀበል እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እማማ እዚሁ ዘመድ ቤት አደሩ። እኔም ማታ ያንን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ገጽ በገጽ የሰው ጂሜይል ነው። ቁጥራቸው ያለኝን አንድ በአንድ እየደወልኩ «ሲመቻችሁ ብቅ በሉ፣ ቁልፋችሁን ልስጣችሁ» ማለት ጀመርኩ።

በማግስቱ ስልኩ ተከፈተ። ኢሞ ገባ፤ የልጅቷ ፊት ሲመጣ እማማ ስክሪኑን ሳሙት። እስኪጠግቡ ጠበቅኳቸው። ከዚያ የእኔን ቁጥር አጥፍቼ የእሳቸውን አስገባሁ።

«አሁን የይለፍ ቃል እርስዎ ይምረጡ» አልኳቸው። መረጡ። የልጅ ልጃቸው በአማርኛ ጻፈችው፤ አልቀበልም አለ። የጂሜይል የይለፍ ቃል የእኛን ፊደል አይወስድም። ይሄም ቢሆን አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ የወሰነው ነው፤ እስካሁን ያበሳጨኛል። ልጅቷ ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ልትጽፈው ጀመረች።

እማማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ቁጥር ጨመሩላት። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።