እግሩን ተዉትና ክንፉን እዩ፦ ቺፍቻፍን ከዊሎው ዋርብለር መለየት

ሁለቱም ትናንሽ ወፎች ከላይ አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ናቸው፤ ክብደታቸውም ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሲዘምሩ አያስቸግሩም። ቺፍቻፍ ስሙን እየደጋገመ ይጠራል፤ የዊሎው ዋርብለር ዜማ ግን ከላይ ጀምሮ እየለሰለሰ ይወርዳል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጊልበርት ኋይትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለያቸው በጆሮው ነው። ጣጣው የሚመጣው ዝም ሲሉ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ እግር ነው። «ጥቁር እግር ካየህ ቺፍቻፍ፣ ፈዘዝ ያለ ካየህ ዊሎው» የሚለውን ምክር አምኜ ስንት ማስታወሻ አበላሽቻለሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል። እግሩ የጠቆረ ዊሎው ዋርብለር አለ። ቅጠል ጥላ ውስጥ ቡናማው እግር ይጠቁራል፤ ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍበት ደግሞ የቺፍቻፉ ይፈዛል። ይህን ምልክት ለጀማሪ አስቀድሞ መስጠት ስህተት ነው እላለሁ።

አሁን የማየው የታጠፈውን ክንፍ ነው። ከጀርባ በኩል ክንፉን የሚሸፍኑ ሦስት አጫጭር ላባዎች አሉ። ከእነሱ ረጅሙ ከሚያልቅበት እስከ ክንፉ ጫፍ ያለውን ርቀት፣ ከራሳቸው ከሚታየው ርዝመት ጋር አስተያዩ። ግማሽ ያህል ከሆነ ቺፍቻፍ ነው፤ ሦስት አራተኛ ወይም እኩል ከሆነ ዊሎው። ዊሎው ሰሃራን ተሻግሮ የሚከርም ረጅም ተጓዥ ስለሆነ ክንፉ ይረዝማል። ወፉ ትክክል በጎኑ ካልቆመ ግን ልኩ ይዋሻል። የአጫጭሮቹ ላባዎች ጫፍ ተበልቶ ካጠረም ርቀቱ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል፤ ቺፍቻፉን ዊሎው የሚያስመስለው ይህ ነው። ስለዚህ በአንድ ፎቶ አትፍረዱ፤ ሦስት አራት አንሱ።

ፈቃድ ኖሯችሁ ወፉን ለጥናት እግሩ ላይ ቀለበት ለማሰር ከያዛችሁት፣ የበረራ ላባዎቹን ከውጭ ወደ ውስጥ ቁጠሩ፤ ትንሿን የመጀመሪያዋን እንዳትዘሉ፣ ከዘለላችኋት ቆጠራው ሁሉ ይዛባል። ስድስተኛው ላይ ውጫዊው ጠርዝ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ድንገት ከጠበበ ቺፍቻፍ ነው፤ በዊሎው መጥበቡ አምስተኛው ላይ ያበቃል። ላባው ገና እያደገ ከሆነ አትቸኩሉ። የክንፍ ርዝመት በሚሊሜትር ብቻውን አይበቃም፤ ትልቅ ወንድ ቺፍቻፍ ከትንሽ ሴት ዊሎው ጋር ይገጥማል።

ጅራትም ከእግር ይሻላል፤ ቺፍቻፍ ሲመገብ ደጋግሞ ወደ ታች ይነቀንቀዋል። ክንፉ ካልታየና ድምፅ ካልተሰማ ግን «ከሁለቱ አንዱ» ብዬ እመዘግባለሁ።