ፕሪንተራችን «አቤት» ይላል፣ ግን የለም

ሰኔ 30 ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት ውሎ የማያውቅ ሰው፣ ፕሪንተር እምቢ ሲል የሰው ፊት ለምን እንደሚጠቁር አይገባውም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ያን ዕለት ነው። ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋ ፋይል ሁሉ በዚያች አንድ ቀን ብንን ይላል። ግዥ ይሮጣል፣ ፋይናንስ ይሮጣል፣ በሌላ ጊዜ ስልኩን የማያነሳ ዕቃ አቅራቢ ከማለዳው በር ላይ ተገትሮ ይጠብቃል። ሁሉም የሚሮጠው ደግሞ ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወደተቀመጠው የጋራ ፕሪንተር።

የአምናው ሰኔ 30 ጠዋት መብራት ጠፍቶ ወዲያው መጣ። እዚያው ጠፍቶ ቢቀር ይሻለን ነበር፤ ቢያንስ ሰበብ ይሆነናል። መብራቱ ሲመጣ የሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ሆነ። ሄጄ ሳየው አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ «ሬዲ» ብሎ ጽፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። እሱ አለሁ ይላል፣ ኮምፒውተሮቹ የለም ይላሉ።

አይቲያችን አዳማ ስልጠና ላይ ነበር። (ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ስልጠና ምን ዓይነት እንደሆነ መሥሪያ ቤት የዋላችሁ ታውቁታላችሁ።) ስደውልለት ከኋላው ሙዚቃ ይሰማል። «አጥፍታችሁ አብሩት» ብሎ ዘጋው።

ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ የእቅድ ባለሙያ ነኝ። ግን አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ላሉት እትዬ የጠፋባቸውን ቴሌግራም ስለመለስኩላቸው «ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ከስሙ ጋር የሚመጣ አበል የለም።

አጠፋን፣ አበራን። ወይ ፍንክች! «ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን» የምትለዋ ላይ ራይት ተደርጎ እንደሆነ አየሁ፣ አልተደረገም። የሚታተመውን ሁሉ ተራ የሚያስይዘውን ፕሮግራም፣ ስፑለሩን፣ አስቁሜ እንደገና አስነሳሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ። በዚህ መሀል ምክር ከየቢሮው ይጎርፋል። የግዥው ልጅ «ቶነሩ አልቆ ነው» ይላል። አንዷ የወረቀት ማስገቢያውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። ሾፌራችን መጥቶ ጎኑን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገና «ባትሪው ወርዶ ይሆናል» ብሎ ሄደ። የጽዳት ሠራተኛዋም «እኔ ስወለውል ደህና ነበር» ብላ ማንም ሳይጠይቃት ራሷን ነፃ አወጣች። ሰው ሁሉ ምክሩን ከሰጠ በኋላ ወደ ቢሮው ይመለስና ፕሪንት የሚለውን ይጫናል። አልወጣ ሲለው ደግሞ ይጫናል። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

ፒንግ የሚባል ነገር አለ። አንድን ዕቃ በኔትወርክ አድራሻው ጠርቶ «አለህ?» ማለት ነው። ካለ «አቤት» ይላል። የፕሪንተሩ አድራሻ ፋይናንስ ግድግዳ ላይ በማርከር ተጽፏል፤ 192.168.1.14። ጠራሁት። አቤት አለ! ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አቤት። አጠገቤ የቆመው የሒሳብ ሠራተኛ በመስኮት ወደ ውጭ አየና «ልብ ብለሃል? ሲዘንብ ይመልሳል፣ ሲያባራ ይጠፋል» አለኝ። ሳቅኩበት። ቁጭ ብዬ ስከታተለው ግን እውነቱን ነው። ዶፉ ሲወርድ አቤት፣ አቤት፣ አቤት። ፀሐይ ብቅ ስትል ድርግም። እኛ አገር በዝናብ ኔትወርክ ሲሄድ እንጂ ሲመጣ ማን አይቶ ያውቃል?

አለቃችን በር ላይ ብቅ አሉ።

«እህስ?»

«እየመለሰ ነው።»

«ማን?»

«ፕሪንተሩ።»

«ታዲያ ለምን አያትምም?»

መልስ ስላልነበረኝ ከፕሪንተሩ ጀርባ ገብቼ ተንበረከክሁ። የኔትወርክ ገመዱን ነቅዬ ልሰካው ነው። ላፕቶፔን መሬት አስቀምጫለሁ፣ ፒንጉ እየሄደ ነው፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ገመዱን ነቀልኩት። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽዬ የፕላስቲክ መቆለፊያ ተሰብራ ቆይታለች፣ ሳይታገለኝ ነው የወጣው። ላፕቶፑን አየሁ። አቤት። ገመዱን አየሁ፣ እጄ ላይ ነው። ላፕቶፑን አየሁ። አቤት፣ አቤት። ፀጉሬ ቆመ። በስመ አብ ብዬ ማማተቤንም አልደብቅም።

ትንሽ ስረጋጋ ነው ነገሩ የገባኝ። በፕሪንተሩ አድራሻ አቤት የሚለው ሌላ ዕቃ ነው። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው። መብራት ሲጠፋበት ለማን ምን ሰጥቶ እንደነበር ረሳ። መብራት ሲመለስ የእኛ ፕሪንተር ገና እየሞቀ፣ እየተንጠራራ ሳለ አንድ ቀልጣፋ ነገር ቀድሞት 14ን ወሰደ። ፕሪንተሩም ሌላ ቁጥር ተሰጥቶት አርፎ ተቀመጠ። ኮምፒውተሮቻችን ግን ይሄን አያውቁም፣ በድሮው አድራሻ መላካቸውን ቀጠሉ።

ታዲያ ዋይፋይ ላይ ያለ፣ ሲዘንብ የሚቀርብ፣ ሲያባራ የሚርቅ ነገር ምንድን ነው?

ቀና ስል ጥበቃችን ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዘው ስልካቸውን ድምፁን ለቀው ያያሉ። ሲዘንብ እዚህ ይጠለላሉ፣ ሲያባራ ወደ ውጭው በር ይመለሳሉ። ዋይፋዩን የከፈተላቸው አይቲያችን ራሱ ነው።

«ጋሼ፣ ስልክዎን አንዴ ልየው?»

ሰጡኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። 192.168.1.14።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ክፍያ ሁሉ ወደ እርስዎ ስልክ ነው ስንልክ የዋልነው!»

ስልኩን ነጠቁኝ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቴሌብር ከፈቱ። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ወደ ታች አወረዱት፣ ወደ ላይ መለሱት።

«የታለ ታዲያ? አልገባም እኮ ልጄ!»

«ወረቀቱን ማለቴ ነው ጋሼ፣ ገንዘቡን አይደለም።»

«ወረቀቱ ከመጣ ገንዘቡን ማን በላው?»

በዚህ ነገር እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም።

የቀረው ቀላል ነው። ፕሪንተሩ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው፣ ከራሱ ሜኑ ላይ የኔትወርክ ሪፖርት ያትማል። አዲሱ አድራሻው 192.168.1.27 ሆኖ ወጣ። ከዚያው ወረቀት ላይ ማክ አድራሻውን፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ ቁጥር፣ ወስጄ ራውተሩ ውስጥ 14ን በስሙ አሰርኩለት፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይወስድበት። የጋሼን ዋይፋይ ዘጋን፣ ራውተሩንም ፕሪንተሩንም አጥፍተን አበራን። (አይቲያችን ይሄን ሲሰማ «ብያችሁ ነበር» አለ። አፉን ሞልቶ!) ኦፍላይን የሚለው ጠፋ። ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከድጡ ወደ ማጡ ገባን። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ደጋግሞ የተጫነው ፕሪንት ሁሉ በየኮምፒውተሩ ተራ ሲጠብቅ ነው የዋለው። በአንዴ ወጣ። መጀመሪያ የእትዬ የእድር መተዳደሪያ ደንብ መጣ። ሙሉው። እሱ ሲያልቅ እንደገና የእድሩ ደንብ፣ ከአንቀጽ 1። ስንት ጊዜ እንደተጫኑት እሳቸውና እግዜር ናቸው የሚያውቁት። ከዚያ የአንዱ የሠርግ ተጠሪዎች ዝርዝር ወጣ፣ እዚያው ቆመን ማን እንደተጠራ፣ ማን እንደተዘለለ አየን። ቀጥሎ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ ብቅ አለ። አለቃችን ከሁላችን ቀድመው አፈፍ አደረጉት። የማን ነው ብለው ያፈጣሉ ስንል፣ ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የራሳቸው ነበር።

የክፍያ ማዘዣዎቹ ተራ ሊደርስ ሲል ማሽኑ ጮኸ። ወረቀት አልቋል።

ወደ ንብረት ክፍል በረርኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ሊወጣ ተነስቷል። አንድ ደስጣ ወረቀት ብዬ ለመንኩት።

«ያለ ሞዴል 20 መጠየቂያ አንዲት ቅጠል አትወጣም» አለኝ።

«እሺ፣ ሞዴል 20 ስጠኝና ልሙላ።»

መሳቢያውን ሳብ አድርጎ አየና መልሶ ገፋው።

«እሱም አልቋል። ፕሪንት አድርገህ አምጣ።»