ባነሩ ላይ ያልታየው ቅዳሜ

ዶሮ ማነቂያ ከመፍረሱ በፊት እዚያ በነበረ ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነበርኩ። የሠርግ ካርድ፣ ታፔላ፣ ባነር እንሠራለን። አለቃዬ ኮምፒውተር ሳይመጣ ታፔላ በብሩሽ ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

አንድ ቀን የአንድ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ መጡ። ቅዳሜ ለአረጋውያን ነፃ የዓይን ምርመራ ሊሰጡ ነው። ባነሩ 3 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ ቸርችል ጎዳና ዳር አጥር ላይ ይሰቀላል። ይዘውት የመጡት ብዙ ነው። የክሊኒኩ አርማ፣ የሦስት አጋሮች አርማ፣ የሐኪም ፎቶ፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ አራት ስልክ ቁጥር። «ሁሉም ጎላ ይበልልኝ» አሉኝ። እኔም ሁሉንም አጎላሁ። ቀኑና ሰዓቱ ቦታ ስላጣ ከስልኮቹ ሥር፣ ነጭ ላይ በቢጫ፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፊደል ገባ። ስክሪኔ ላይ ሁሉም በደንብ ይነበብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ቅዳሜ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። አሁን ግን በሩ ላይ አዛውንቶች ተሰልፈዋል። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው እየመራቸው ከሽሮ ሜዳ ድረስ መጥተዋል። «ነፃ የዓይን ምርመራ» የሚለውን ሰው አንብቦላቸዋል። ቀኑን ልብ ያለው የለም። የጠራናቸው እኮ ዓይናቸው የደከመ ሰዎችን ነው! ይህን ስሰማ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ይዘውኝ ወደ ቸርችል ወረዱ። መንገዱን ተሻግረን ከባነሩ ፊት ለፊት ቆምን።

«ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እይው። መጀመሪያ ምን ይታይሻል?»

የታየኝ የሐኪሙ ፈገግታና አርማው ነው። የቀረው ተደባልቆ ግራጫ ሆኗል። በታፔላ ሥራ የተለመደ ግምት አለ፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ3 ሜትር ገደማ በደንብ ይነበባል። በዚህ ሒሳብ የእኔ ቅዳሜ 5 ሜትር እንኳ በቅጡ አይደርስም። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ለሚያልፍ ሰውማ ጭራሽ የለም።

ስንመለስ ጋሼ ከመሳቢያቸው የአባታቸውን የብራና ዳዊት አወጡ። ቀስ ብለው ገለጡት። የመዝሙሩ አርእስት በቀይ ቀለም ነው፤ ከኋላ ባለው ውዳሴ ማርያም ላይ ደግሞ የእመቤታችን ስም ከጥቁሩ መሀል በቀይ ብቅ ይላል። «ጸሐፊው ሁሉንም በቀይ ቢጽፈው ኖሮ ስሟን በምን ትለዪው ነበር?» አሉኝ። ያንን ገጽ እስከዛሬ አልረሳውም።

ፈረንጅ ቃሉን በትልልቅ (ካፒታል) ፊደል ጽፎ ያጎላዋል። የእኛ ፊደል ካፒታልና ትንሽ የሚባል የለውም። ስለዚህ መጠኑ፣ ውፍረቱ፣ ቀለሙና ዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ሥራውን ሁሉ ይሸከማሉ። ውፍረቱ ላይም ተሳስቼ ነበር። የተጠቀምኩበት ኒያላ ፎንት ያለው ውፍረት አንድ ብቻ ነው። በግድ ቦልድ ሳደርገው ፊደሉ አብጦ የ«መ» እና የ«ወ» ቀዳዳ ሊደፈን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ለርዕስ ከስስ እስከ ወፍራም ዓይነት ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው የምመርጠው።

ክሊኒኩ ምርመራውን ለቀጣዩ ቅዳሜ ደገመው። እኔም ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ምን፣ መቼ፣ የት። «ነፃ የዓይን ምርመራ» እና «ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት» ባነሩን ያዙት። ቦታው በመጠኑ አንሶ ከሥራቸው ሆነ። አንድ ስልክ ብቻ ቀረ። አርማዎቹ ታች ተደረደሩ፤ የሐኪሙ ፎቶ ወጣ። ዙሪያውን ነጭ ተውኩት።

ሥራ አስኪያጇ ቅር አላቸው። «እኔ በካሬ ነው የምከፍለው። ለምን ባዶ ይሆናል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ገንዘብ ነው። ብዙ አልተከራከርኩም። ሳምፕሉን በትክክለኛ መጠኑ አሳትሜ አጥሩ ላይ አሰቀልኩትና መንገዱን አሻገርኳቸው።

እዚያ አንድ ሊስትሮ ጫማ ያስውባል። «ወንድሜ፣ ያ ባነር ምን ይላል?» አልኩት። ቀና አለና «ቅዳሜ ዓይን በነፃ ያያሉ» አለ። ወዲያው ብሩሹን አስቀምጦ ጠየቀኝ፦ «ለእናቴ ነበር። ቀድሞ መመዝገብ አለው?»

ሥራ አስኪያጇን አየኋቸው። «የለውም፣ ዝም ብለው ይምጡ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህቺን ከቀኑ ሥር አስገቢልኝ» አሉኝ። «ያለ ምዝገባ» የሚለውን አስገባሁ። ቦታውን ያገኘሁለት ከአጋሮቹ አርማ ላይ ቀንሼ ነው።