የራሴን ሬዲዮ ይዤ ሥራ ስገባ

ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሆቴል ሥር፣ ሦስት ፎቅ ወደ ታች የወረደ ነው። እዚያ ታች ስልክ ኔትወርክ የለውም። በር ላይ ያለው ልጅ የትኬት ቁጥር በእጅ በሚያዝ የመገናኛ ሬዲዮ ይጠራል፣ እኛ መኪናውን ይዘን እንወጣለን። ሬዲዮው ከሞተ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የድርጅቱን ሬዲዮዎች ሺፍት በተቀየረ ቁጥር እንቀባበላቸዋለን። የጠዋቱ ሰው ቻርጀር ላይ ሳይሰካው ከሄደ፣ ልክ ሥራ ሲበዛ ጢው ጢው ይልና ጭጭ ይላል። የጆሮ ማዳመጫውም እንዲሁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ ነው። አንድ ሰሞን ጆሮዬን አሞኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት የራሴን ለመግዛት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ርካሽ ሬዲዮ አዘዝኩ። ነገሩ የሚገባው አንድ የሥራ ጓደኛዬ ድርጅቱ የሚነጋገርበትን የሞገድ ቁጥር፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ አስገባልኝ። ሁሉንም ጥርት አድርጌ ሰማሁ። እኔ ስናገር ግን የሚመልስልኝ ጠፋ። ደጋግሜ ተጣራሁ፣ ዝም።

ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅኩት። የእኛ ሬዲዮዎች ከድምፃችን ሥር ጆሮ የማይለየው ዝቅ ያለ ቶን አብረው ይልካሉ። ሲቲሲኤስኤስ ይባላል። ተቀባዩ ሬዲዮ ያንን ቶን ካላገኘ ድምፁን አይከፍትም። የእኔ ደግሞ ቶን አልተሞላለትም ነበር።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ አስፈቅደሃል ወይ?» አሉኝ። አላስፈቀድኩም ነበር። በማግስቱ ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ፍሪኩዌንሲው ኤፍሲሲ የሚባለው የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለድርጅቱ በፈቃድ የሰጠው ነው። ማንም ተነስቶ አይናገርበትም። ሬዲዮውም ራሱ ለሥራ መገናኛ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ በኤፍሲሲ ደንብ ፓርት 90 የሚሉት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን የኤፍሲሲ ቁጥር ፈልገን አየነው። የእኔ አልተፈቀደለትም።

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር። ሥራ ቦታችሁ የራሱ የሬዲዮ ሲስተም ካለው፣ ዋጋ ከማየታችሁ በፊት አለቃችሁን ጠይቁ። መልሱንም በኢሜይል ያዙት።

ሁለተኛውን ስገዛ ድርጅቱ የሚጠቀምበትን ሞዴል፣ ሞቶሮላ ሲፒ 200ዲ፣ ያገለገለ ፈለግኩ። እዚህም ልሳሳት ለጥቂት ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ የሚመስለው ሬዲዮ በሁለት የተለያዩ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች፣ በቪኤችኤፍም በዩኤችኤፍም፣ ይሸጣል። ቪኤችኤፉ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ነው። የእኛ ዩኤችኤፍ ነው፤ ሕንፃ ውስጥም የተሻለ የሚሄደው እሱ ነው። ቪኤችኤፉን ብገዛው ኖሮ ከማንም ጋር አያገናኘኝም ነበር። ለርካሹ የገዛሁት የጆሮ ማዳመጫም አልገባም፤ መሰኪያቸው ይለያያል። ሌላ ገዛሁ፣ ግን ይህኛው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲውንና ቶኑን የሞላልኝ የድርጅቱን ሬዲዮዎች የሚጠግነው ሱቅ ነው። ትልቁ ጥቅም የድርጅቱ ባትሪና ቻርጀር ለእኔም መሆኑ ነው። ሴሪያል ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ስወጣ የማን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ አሳያለሁ።

ሲስተም የሌለበት ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ላላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ኤፍአርኤስ የሚባለው ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ለሥራም ይሆናል። 22 ቻናል አለው፣ ጉልበቱ ቢበዛ 2 ዋት ነው። የመጀመሪያውን ሬዲዮዬን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ልላከው ብዬም ነበር። እዚያም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ውድም ርካሽም ሬዲዮ አያስተካክለውም። በር ላይ በተመደብኩ በአንዱ ቀን «ፎር ዋን ሰቨን» ብዬ ጠራሁ። የሬዲዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኜ ወዲያው ስለተናገርኩ «ፎር» ተቆረጠች። የ17 ቁጥር መኪና መጣ። እንግዳዋ አውሮፕላን ሊያመልጣት ነበር፣ ፊቷ አሁንም ድረስ ይታየኛል። አሁን ቁልፉን እጫናለሁ፣ አንድ ትንፋሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ። ጋሼ ከታች ቁጥሩን ደግመው ሲመልሱልኝ ነው ለእንግዳው «መኪናዎ እየመጣ ነው» የምለው።